ድልድዩን ያልተሻገረችው ወይዘሮ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር መጨረሻ፣ ዓለም ለሁለተኛ ጊዜ በታላቅ ጦርነት ልትታመስ አንድ ክረምት ብቻ ሲቀራት፣ የፈረሰኛው ክፍለ ጦር መለማመጃ ሜዳ ለዓመታዊው የውሾች ትርኢት ተለቅቆ ነበር። የጣለው ዝናብ ሣሩን አርሶታል፤ የድንኳኖቹ ሸራ ውሃ አዝሎ ወደ መሐል ረግቧል፤ የጦሩ ሙዚቀኞች ጥሩምባቸውን በክንዳቸው ይወለውላሉ፤ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ጨርቅ በለበሱ ወንበሮች ላይ ተደላድለው፣ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ከገመዱ ውጭ ተገፋፍቶ ቆሞ፣ ሁሉም ዓይኑን የጣለው በአንዲት ነጭ ውሻ ላይ ነው።

ውሻይቱ ቁመቷ ከሰው ወገብ የሚደርስ፣ ቅልጥሟ የረዘመ፣ አፏ ሾጠጥ ያለ፣ ጥንት መሳፍንት አጋዘን ሊያሳድዱባት ያረቧት የአደን ዘር ናት። ስትራመድ መሬቱን አስፈቅዳ የምትረግጥ ይመስላል፤ ስለዚህም ስሟ ወይዘሮ ተባለ። ገመዷን ይዛ አብራት የምትሮጠው ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ባል ያላገባች፣ የኮርቻ ሰፊው ታላቅ እህት ነበረች። ወንድሟ «እትዬ» ስለሚላት ከተማው ሁሉ ከእሱ አፍ ወስዶ እትዬ ይላታል። የሰፈሩ ቀልደኞችም «በዚያ ቤት ወይዘሮዋ ውሻይቱ፣ ወይዘሪቷ እትዬ» እያሉ ይስቁ ነበር፤ እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች እንጂ አንድም ቀን አልተቀየመችም።

ዳኛው የወይዘሮን ከንፈር ገልጦ ጥርሷን አየ፤ የጀርባዋን አጥንት በመዳፉ ተከትሎ እስከ ጭራዋ ወረደ፤ አዙሮ አዙሮ አስሮጣት፤ በመጨረሻም እጁን ወደ እትዬ ዘርግቶ አንደኛ መሆኗን አስታወቀ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ውሻ ዐዋቂ የነበረ ሁሉ ግን ጭብጨባው ከምርቃት ይልቅ ለስንብት የቀረበ መሆኑን ያውቅ ነበር። ባለፈው ታላቅ ጦርነት ጊዜ ሰው የሚቀምሰው ሲያጣ የመሳፍንቱ የውሻ ቤቶች ባዶ ቀርተዋል፤ ከዚያ ዘር የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ፣ እነሱም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። የእትዬ አባት፣ የአንድ መስፍን ኮርቻ ሰፊ የነበሩት፣ በሽልማት ያገኟት የወይዘሮ አያት ከእነዚያ አንዷ ነበረች። ወይዘሮም ሁለት ጊዜ ከገዛ አጎቷ ተዳቅላ ሁለት ጊዜ ወልዳለች፤ ቡችሎቿ ሁሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አለቁ። የመጨረሻውን ቡችላ እትዬ ጉያዋ ከትታ ስታሞቀው እዚያው ደረቷ ላይ ቀዘቀዘ። የእንስሳት ሐኪሙ ባዕድ ደም ካልገባበት በቀር ሦስተኛ ጊዜ መሞከር ግፍ እንደሆነ ነግሯት ነበር።

ሙዚቃው ሲያበቃ ከዘራ የያዙ፣ ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት አሮጊት እመቤት ከገመዱ ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ። ከወንዙ ማዶ፣ ከጎረቤቱ መንግሥት የመጡ የታወቁ ውሻ አርቢ ነበሩ፤ በልጅነታቸው እዚህ ስለተማሩ ቋንቋውን ያውቁታል። ወይዘሮን ሳይነኳት ብዙ ካዩ በኋላ፣ ከቀድሞው ጦርነት በፊት ድንበር የተሻገረ የዚሁ ዘር ቤተሰብ በእሳቸው ግቢ እንደነበረ፣ ከዚያም አሁን አንድ ወንድ ብቻ እንደቀረ አጫወቷት። የእሱና የወይዘሮ ደም ከተለያየ ብዙ ዘመኑ ነው፤ እሱ ግን አርጅቷል፤ ልቡም ደክሟል፤ የባቡር ጉዞ አይችልም።

«ስለዚህ እሷን አውሱኝ ለማለት ነው የመጣሁት፣ እህቴ» አሉ። «ወንድ በምትሻበት ጊዜ፣ በክረምቱ መጨረሻ፣ ትምጣ። እዚያው ትውለድ፤ ቡችሎቹን ታጥባ። ከዚያ እሷንም፣ ከቡችሎቹም እኩሌታውን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።»

«ባትመለስስ?» አለች እትዬ።

እመቤቲቱ ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። «እኔ ሰው ነኝ፤ ዘመኑም ይኸው የምታዩት ነው» አሉ። «እንደማልክዳችሁ ግን ልምልላችሁ እችላለሁ። ከዚህ በላይ ባወራ መዋሸት ይሆናል።»

እትዬ ከወንድሟ ጋር ተማክራ መልስ እንደምትሰጥ ነግራ ተሰናበተቻቸው። ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን ሁሉ የውሻይቱን ጆሮ እያሻሸች ነበር።

ቤቱ ከታች የኮርቻ መስፊያ፣ ከላይ መኖሪያ ነው። እናታቸው የሞቱት ወንድሟ ገና ጡት ሳይጥል ስለነበር ያሳደገችው እትዬ ናት፤ በዚያን ዘመን ለትዳር የጠየቃትን አንድ የሰዓት ሠሪ «ልጁ ይደግ» ብላ መልሳ፣ ልጁ ሲያድግ ሰዓት ሠሪው ሌላ አግብቶ ነበር። ያ ልጅ አሁን ፀጉሩ የሸበተ፣ እጁ በሰምና በክር የጠቆረ ኮርቻ ሰፊ ሆኗል፤ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህም ከእህቱ ጋር ይኖር ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት ባለቤት፣ ባሏ ከሞተባት ሴት ጋር ተስማምቶ፣ ክረምቱ ሲወጣ አግብቷት ከዳቦ ቤቱ በላይ ካለው ቤቷ ሊገባ ቀን ቆርጧል። እትዬ ዜናውን ስትሰማ መርቃዋለች፤ ከዳቦ ቤቷ ባለቤት ጋር ተቃቅፋ ስማታለች፤ ከዚያም ወደ ክፍሏ ገብታ ከወይዘሮ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ቆይታለች።

የእመቤቲቱ ጥያቄ በከተማው ለመወራት ጊዜ አልፈጀበትም። የውሻ አርቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የፈረሰኛው ጦር ባለ ማዕረግ የነበሩ አንድ ኮሎኔል ናቸው፤ ከጡረታ ተጠርተው የጦሩን የቆዳ ዕቃ ግዢ የሚመሩትም እሳቸው ስለሆኑ፣ ወንድሟና ሦስት ሠራተኞቹ የሚተዳደሩት በእሳቸው የሥራ ትእዛዝ ነበር። በአንድ የሰኔ ጧት የማዕረግ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልውለው ወደ መስፊያው ገቡ፤ የቀረበላቸውን ወንበር እምቢ ብለው፣ ከተሰቀሉት ልጓሞች አንዱን በጣታቸው እየዳሰሱ ቆሙ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ከወንዙ ማዶ ያለው መንግሥት ጦሩን ወደ ድንበር እያስጠጋ መሆኑን፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ የትርኢቱን አንደኛ ለዚያ አገር ሰው ማዋስ በጋዜጣ ላይ እንዴት ሆኖ እንደሚነበብ፣ በዚያ የተወለዱ ቡችሎችም በዚያ አገር ስም እንደሚመዘገቡ በትዕግሥት አስረዱ።

«ይቺ ውሻ የእናንተ ብቻ አይደለችም፣ ወይዘሪት» አሉ ወደ እትዬ ዞር ብለው። «የአገር ናት።»

«የአገር ከሆነች፣ ክቡር ኮሎኔል፣ አገር ባል ይፈልግላታ» አለች እትዬ።

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን ለመደበቅ አጎነበሰ። ኮሎኔሉም ራሳቸው ፈገግ ብለው ነበር። ልጓሙን ወደ ቦታው መልሰው «ስፌቱ ግሩም ነው» አሉ ለወንድሟ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ሰውም እንዲሁ ቢሆን መልካም ነው።» ይህን ብለው ወጡ፤ ወንድሟም ወስፌውን ይዞ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

በዚያው ቀን ራት ላይ፣ እትዬ ነገሩን ቀድማ አነሣችው። የጦሩ ሥራ ከቀረ ሠራተኞቹ እንደሚበተኑ፣ አዲስ ጎጆ የሚቀልስ ሰው ባዶ እጁን ሊሆን እንደማይገባ፣ ስለዚህም ውሻይቱ እንዳትሄድ መወሰኗን ነገረችው። ወንድሟ ማንኪያውን አስቀመጠ። እንዳሰበችው ግን የእፎይታ ፊት አላሳያትም።

«ትሂድ» አላት። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? እኛ ዘንድ ያለው ባላ ተነቅሏል፣ እትዬ። እዚህ ከቀረች ዘሩ ከእሷ ጋር ያልቃል። ለኮሎኔሉ የምሰፋውን ለገበሬ እሰፋለሁ፤ አልሞትም።»

«አንተ ዝም በል፤ የምትለውን አታውቅም። ላንተው ብዬ ነው።»

ወንድሟ ትክ ብሎ አያት። «ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው፤ አልፈልግም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለራስሽ ከሆነ ግን ንገሪኝ፤ እሱን እረዳዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልናገርም።»

ለአፍታ ያህል እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። እሱ ወደ ዳቦ ቤቱ ሲሄድ፣ እነዚህ ክፍሎች ባዶ ሲሆኑ፣ ጧት ዓይኗን ስትገልጥ የሚነቃነቅ ነገር ባይኖር ምን እንደምትሆን አስባ ነበር፤ አስባም ፈርታ ነበር። ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ለሌላ ስትል የኖረች ሴት ለራሷ ስትል አንድ ነገር መፈለጓን መናገር አፈረች።

«ላንተ ነው አልኩህ» አለች፤ ሳህኑንም አነሣች።

በማግሥቱ ቴሌግራፍ ቤት ሄዳ ለእመቤቲቱ የእምቢታ መልስ ላከች፤ ምክንያቱንም «ስለ አገር» ስትል አስጻፈች። ኮሎኔሉ ሰምተው ምስጋናቸውን ላኩ፤ ብዙም ሳይቆይ የጦሩ ትልቅ ትእዛዝ መጣ፤ መስፊያው ከማለዳ ጀምሮ በመዶሻና በጉጠት ድምፅ ይናጥ ጀመር። ወንድሟ ሥራውን ሠራ፤ ነገሩን ዳግመኛ አላነሣም። ዝምታው ግን ከወቀሳ ከብዶ እትዬን ያሳድዳት ነበር።

በነሐሴ ወይዘሮ ወንድ የምትሻበት ጊዜ ደረሰ። መብል ተወች፤ በር በሩን እያየች ታለቅስ ጀመር። በዚያው ሰሞን ከኮሎኔሉ ዘንድ መልእክተኛ መጣ። ኮሎኔሉ ስላሳየችው ታማኝነት ውለታ ሊመልሱ አስበው፣ ያለ አንዳች ዋጋ የራሳቸውን ወንድ ውሻ ሊሰጧት ፈቅደዋል። ያ ውሻ የወይዘሮ የእናት ልጅ ወንድሟ ነበር።

እትዬ መልእክተኛውን አመስግና ሸኘችው፤ በሩንም ዘጋች። ከዚያም በደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ እናቷ ሲሞቱ እንኳ ባላለቀሰችው ለቅሶ አለቀሰች፤ ጉያዋ ውስጥ የቀዘቀዘው ቡችላ ክብደት አሁንም ደረቷ ላይ ነበር። ተነሥታ ፊቷን ታጥባ ወደ መስፊያው ወረደችና ለወንድሟ ነገ ውሻይቱን ይዛ ወደ ማዶ እንደምትሄድ ነገረችው። ወንድሟ አልጠየቃትም። ጉጠቱን አስቀምጦ፣ ከተረፈው ምርጥ ቆዳ ለወይዘሮ አዲስ የአንገት ማሰሪያ ሰፋላት።

ባቡር ጣቢያው እንደ ጉንዳን ቤት ሆኗል። ለጦርነት የተጠሩ ወንዶች ከረጢታቸውን ተሸክመው፣ ሚስቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ይተራመሳሉ፤ የመኪናዎቹ መብራት ከአውሮፕላን እንዲሰወር በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ይታያል። ወንድሟ ሕዝቡን በትከሻው እየገፋ እስከ ዕቃ መጫኛው ፉርጎ አደረሳት፤ ውሻ ከሰው ጋር አይሳፈርምና እትዬም ከሣጥኖቹ መካከል ተቀመጠች። ለእመቤቲቱ መምጣቷን በቴሌግራም እንደሚያስታውቅላት ነገራት።

«ኮሎኔሉስ?» አለችው።

«እሳቸውን ለእኔ ተዪያቸው» አላት፤ ግንባሯንም ሳማት። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ከፉርጎው ጋር እኩል ጥቂት ሮጠ፤ ከዚያ ሕዝቡ ዋጠው።

የድንበሩ ጣቢያ ከወንዙ ዳር ነው። እትዬ ውሻይቱን ይዛ ስትወርድ ድልድዩ ከነሐዲዱ ከፊቷ ተዘርግቶ ነበር፤ ግን ከአፉ ላይ የሽቦ አጥር ተጋድሞበታል፤ ከአሸዋ ከረጢቶች ኋላ ወታደሮች ተደርድረዋል። አንድ ወጣት መቶ አለቃ መጥቶ በትሕትና እጅ ነሣት። ድልድዩ በዚያው ጧት እንደተዘጋ፣ ከእንግዲህ ማንም እንደማይሻገር ነገራት።

«እኔ ልቅር» አለች እትዬ። «እሷ ብቻ ትለፍ። ማዶ የሚቀበላት ሰው አለ፤ ገመዷን ብለቀው ራሷ ትሄዳለች።»

መቶ አለቃው ወይዘሮን አየ፤ የውሻይቱንም ግንባር በጓንቱ ጀርባ ዳሰሰ። «እናቴ፣ ድልድዩ ከሥሩ ፈንጂ ተቀብሮበታል» አላት ቀስ ብሎ። «አሁን በዚያ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ካዩ ወዲያም ወዲህም ይተኩሳሉ። ትናንት መጥተው ቢሆን እኔው ራሴ አሻግሬዎት ነበር።»

ትናንት። እትዬ ሰኔን አሰበች፤ ሐምሌን አሰበች፤ የማንኪያውን ድምፅ፣ የወንድሟን ዓይን አሰበች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው። በወንዙ ዳር ባለው የጣቢያ አግዳሚ ላይ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጠች፤ ወይዘሮም ነፋሱ ከማዶ በነፈሰ ቁጥር አፍንጫዋን ቀና እያደረገች ታሸት ነበር። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ጦርነቱ ተጀመረ፤ ድልድዩም በጢስና በድንጋይ ተበታትኖ ወንዙ ውስጥ ወደቀ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ዳቦ በመጠን ሆነ፤ ቀጥሎም መጠኑ አነሰ። የውሻ አርቢዎቹ ማኅበር አባላቱ ትላልቅ ውሾቻቸውን እንዲያስወግዱ ለመነ፤ ኮሎኔሉም አርአያ ለመሆን የራሳቸውን ውሾች ግቢያቸው ውስጥ በገዛ ሽጉጣቸው ገደሉ። ከዚያ ዘር የቀሩት ሌሎች ውሾችም ሁሉ በዚያው ሰሞን አለቁ። ከዚያም በኋላ ኮሎኔሉ ወደ መስፊያው መጡ፤ በዚህ ጊዜ የቀረበላቸውን ወንበር አልናቁም። ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ባረጀ ድምፅ፣ የመጡበትን ጉዳይ፣ የወይዘሮን መወገድ፣ ተናገሩ።

«ክቡር ኮሎኔል፣ ከእሷ በቀር የቀረ የለም» አለች እትዬ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ሁለቱም ውሻይቱን አዩ። ኮሎኔሉ ተነሥተው ወጡ፤ ለማንም አላመለከቱም፤ ዳግመኛም በዚያ መንገድ ሲያልፉ አልታዩም።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ልጆቿን ይዛ ወደ ገጠር ሸሸች፤ ሠርጉ እንደታሰበ ቀረ። ጦሩ ነዳጅ ሲያጥረው ወደ ፈረስ ተመለሰ፤ ፈረስም ኮርቻ ስለሚሻ ወንድሟን ከመሣሪያው ጋር ወደ ግንባር አጠገብ ወሰዱት። በሁለተኛው ዓመት፣ የተቀመጠበት ጋጣ በአውሮፕላን ተደብድቦ ከፈረሶቹ ጋር ሞተ። እትዬ እንደፈራችው ባዶ ክፍሎች ውስጥ ቀረች፤ እንደተመኘችውም ጧት ዓይኗን ስትገልጥ የሚነቃነቅ ነገር ነበራት። የዳቦዋን እኩሌታ ለወይዘሮ ታካፍላታለች፤ ኮርቻ ማጽጃ ቅባቱ እስኪያልቅ ድረስ ፀጉሯን በጨርቅ እየወለወለች፣ ማንም በማያይበት ግቢ ውስጥ እንደ ትርኢቱ ቀን ታስሮጣት ነበር። ውሻይቱ በአራተኛው ዓመት፣ በሠራተኞቹ ጠረጴዛ ሥር ተኝታ ሳለ ሞተች። ሕመም አልነበራትም፤ አርጅታ ነው። የዚያ ዘር ፍጻሜ እንዲህ ጸጥ ያለ ስለነበር ከጎረቤቱ እንኳ ያወቀ አልነበረም።

ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ድልድዩ ገና በእንጨት እንደተጠገነ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ጎልማሳ መጥቶ የኮርቻ ሰፊውን ቤት ጠየቀ። የዚያች እመቤት የእህት ልጅ ነበር። ከነጮቹ ውሾች የተረፈ ካለ ሊጠይቅ ነው የመጣው፤ የእሳቸው ወንድ ውሻ በጦርነቱ መጀመሪያ ወራት ሞቷል፤ እሳቸውም ተከትለውታል። እትዬ ስላለፈው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ወንድሟ በዚያን ቀን የላከው ቴሌግራም ደርሷቸው እንደሆነ።

«ደርሷቸዋል» አላት ጎልማሳው። «ወደ ድልድዩ ሄደው፣ ወታደሮቹ በግድ እስኪያስነሷቸው ድረስ ከማዶ ተቀምጠው ነበር። 'ትመጣለች' ይሉ ነበር።»

እትዬ እንግዳውን ውሃ አጠጥታ፣ እስከ መንገዱ ሸኝታው ተመለሰች፤ ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲያ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሞተች።

ስለ ውሻ ዘሮች የተጻፉ መጻሕፍት ስለ ነጩ የአደን ውሻ ጥቂት መሥመር ይሰጣሉ፤ መሳፍንት ያረቡት እንደነበረ፣ ግርማው እንደተመሰገነ፣ በሁለተኛው ታላቅ ጦርነት ምክንያት እንደጠፋ ይናገራሉ። የተጻፈው ሐሰት አይደለም። ከጦርነቱ በፊት በአንድ የሰኔ ራት ላይ አንዲት ሴት አንድ ጥያቄ ተጠይቃ እንደነበረ ግን አይናገሩም፤ እንዴትስ ያውቃሉ። ጦርነት ብዙ ነገር አጥፍቷል፤ ያላጠፋውንም ሰዎች አሸክመውታል፤ እሱም ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ዝም ብሎ ይሸከማል።